ዉፈሩን ዝቅ አድርጉት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው አስፋልት መርሳን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። በአስፋልቱ ዳር ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ገብቶ ባለ ሰብዉፈር የቤት ስቴሪዮ ለሚጠይቅ ሰው የሚደረግለት ሙከራ ያው አንድ ነው። ሻጩ ፍላሽ ይሰካል፤ ምቱ የበረታ አዲስ ዘፈን ይከፍታል፤ ቤዝ የሚለውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። መደርደሪያው ይርዳል፣ የተሰቀለው ቻርጀር ይወዛወዛል፣ ገዢው ደረቱን ይዞ «ይመታል!» ይላል። የዋጋ ንግግር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው ቤት ከገባም በኋላ ማዞሪያው ከዚያ ጫፍ አይነቃነቅም።

«ይመታል» የሚለው ይህ ሚዛን ዛሬ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ፣ ከሐራ እስከ ሲሪንቃ ሰው ሁሉ የተስማማበት ሆኗል። ጥሩ ስቴሪዮ ማለት ቤዙ የበረታ ነው፤ ጥሩ ቤዝ ማለት ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚሰማ ነው፤ ድምፁ አልጥም ካለ መፍትሔው ተለቅ ያለ ዉፈር መግዛት ነው። ይህን አስተሳሰብ እቃወማለሁ። ገንዘብ ያስወጣል፣ ጆሮ ይጎዳል፣ ከሁሉም በላይ የወሎን ዜማ ከወሎ ሰው ሳሎን እያስወጣው ነው። የቤት ድምፅ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው፦ ሳጥኖቹ በተቀመጡበት ቦታ፣ ማዞሪያዎቹ በቆሙበት ልክ፣ ሽቦዎቹ በታሰሩበት አኳኋን። በትክክል የተስተካከለ ሰብዉፈር ደግሞ በጆሮ ተፈልጎ አይገኝም። ዘፈኑ ሞላ ያለ ይመስላል እንጂ «እዚያ ጥግ ሳጥን አለ» አያሰኝም፤ መኖሩ የሚታወቀው ሲያጠፉት ነው።

ከዜማው ልጀምር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ ከውርጌሳ ቀጥሎ ውጫሌ ይመጣል፤ ውጫሌ አምባሰል ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ዜማ ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ምድር ስም ነው፤ አራቱንም የወሎ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት ያለው አምስት ድምፅ ብቻ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው በእነዚያ በአምስቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። በአምባሰል ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ በንዝረት ቁጥር ሲሰላ 6 በመቶ ገደማ። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ሆድ የሚያባባው በዚያች ጠባብ መሻገሪያ ላይ ድምፅዋን እያሸች ስትወጣና ስትወርድ ነው። ያቺ ካልተሰማች የቀረው ግጥምና ምት ነው፤ አምባሰል ግን አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በየትኛው የድምፅ ክልል ነው? ጤነኛ ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። የወንድ የንግግር ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሴት ከ165 እስከ 255 ገደማ፤ በዜማ ጊዜ ሁለቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ሰፈራቸው ከሰው ድምፅ ጋር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቃል የሚለይባቸው እንደ ሰ፣ ጸ፣ ከ፣ ተ ያሉ ድምፆች ደግሞ ጉልበታቸው በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። እውነተኛ ሰብዉፈር የሚሠራው ከ20 እስከ 100 ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ አምባሰል ከነማሲንቆው፣ ከነድምፁ፣ ከነቃሉ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከእውነተኛ ሰብዉፈር ግዛት ውጭ ያለ ዜማ ነው። ዉፈሩን እስከ ጫፍ መክፈት ለማሪቱ የሚጨምርላት ነገር የለም። ይሸፍናታል እንጂ። ጆሮ ሲፈጠር ዝቅተኛው ድምፅ ከፍተኛውን እንዲውጥ ሆኖ ነው የተፈጠረው፤ ከፍተኛው ግን ዝቅተኛውን በዚያ መጠን አይውጠውም። ስለዚህ ቤዝ ሲበዛ የሚከፈለው ዋጋ ከላይኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ትሬብሉን በመጨመር የሚመለስ ዕዳም አይደለም።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ቋንቋ ነው። በማጥበቅና በማላላት ፍቺ ይለወጣል፤ ሰሙ ከወርቁ የሚለየው ብዙ ጊዜ በዚያች የቅጽበት ልዩነት ነው። የምቱ ጉምታ ቶሎ ሳይበርድ ተንጠልጥሎ በሚቆይበት ሳሎን ውስጥ ያቺ ቅጽበት በጉምታ ትሞላለች። አድማጩ ግጥሙን ስለማያገኘው ድምፁን ይጨምራል፤ ድምፁ ሲጨምር ጉምታውም አብሮ ይጨምራል። በየቤቱ ያለው የድምፅ መጠን ከዓመት ዓመት ሽቅብ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

መንዙማም ከዚህ ጣጣ አልዳነም። የጁ ዳናን የመሰለ የዕውቀትና የዝክር ቦታ ያበቀለ አገር ነው፤ በዚህ አካባቢ መንዙማ በስልክ፣ በመኪና፣ በሳሎን ሲሰማ ይውላል። መንዙማ የሰው ድምፅና ድቤ ነው። ብዙዎች «ድቤ አይደል፣ ቤዝ ይፈልጋል» ይላሉ። ድቤ ሲመታ ግን ሁለት ነገር ይወጣል፤ ከሆዱ የሚመጣው ወፍራም ድምፅና ከቆዳው የሚነሳው የመዳፍ ጥፊ። ምቱን ምት የሚያደርገው፣ ጭብጨባው የሚገጥመው ከጥፊው ጋር ነው። ቤዙ ሲከመርበት ጥፊው ይቀበርና ሆዱ ብቻውን ይንጎማለላል። በጾም ወራት የሚሰማው በገናም እንዲሁ ነው፤ ግርማው ያለው ከጅማቱ ሥር ያለችው እንዚራ በምትፈጥረው ንዝረት ውስጥ ነው፤ ያም ንዝረት አብዛኛው ላይኛ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው፤ ሻጩም ገዢውም የማያነሱት ይህንኑ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ከመርሳ ሳሎኖች ከአብዛኛዎቹ ይረዝማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ክፍሉ ውስጥ ነጻ ሆኖ አይጓዝም፤ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ቦታ ይይዛል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን በአንዱ አቅጣጫ 43 ኸርዝ አካባቢ፣ በሌላው 34 እና 69 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች ለይቶ ያገንናል። ሌሎቹን አያገንናቸውም፤ አንዳንዶቹንም ያጠፋቸዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ የአንዱ ቤዝ ድምፅ ከፍታ ከወንበር ወንበር በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊለያይ ይችላል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘፈኑ ቢለዋወጥም ቤዙ አይለዋወጥም። ቤዝ ጊታሪስቱ አራት የተለያየ ድምፅ ሲጫወት ከሳሎኑ የሚወጣው አንዱ ብቻ ነው፦ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሰው ይህን «ኃይለኛ ቤዝ» ይለዋል። የሚሰማው ግን የክፍሉ ልክ ነው።

ግድግዳና ጥግ ይህን ያባብሳሉ። ሳጥን ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል፤ ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ውስጥ ሲወሸቅ ደግሞ ክፍሉ የሚያገንናቸውን ድምፆች በሙሉ ይቀሰቅሳል። ዉፈሩን ግን ሁላችንም የምናስቀምጠው ጥግ ነው፤ ቦታ ስለማይይዝ። አለበለዚያ ቡፌው ውስጥ እንከተዋለን፤ ከላይ ቴሌቪዥን፣ በጎን የሲኒና የብርጭቆ መደርደሪያ፣ ፊት ለፊት ተንሸራታች መስታወት። ቡፌው ራሱ ባዶ ሣጥን ስለሆነ አብሮ ይጮሃል፤ ሲኒውም መስታወቱም ይንቀጫቀጫል። ሶፋውም እንደ አገሩ ወግ ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ነው፤ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቤዝ ከመሀል ይልቅ ይበረታበታል። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሳለ ማዞሪያው ጫፍ ላይ ነው።

ስለ ቤቱ አሠራርም የተለመደው አመለካከት የተገላቢጦሽ ነው። በብሎኬት ተሠርቶ ሴራሚክ የተነጠፈበት አዲስ ቤት ለሙዚቃም የተሻለ ይመስለናል። ለዓይን ይሻላል። ለቤዝ ግን ከባድና ግትር ግድግዳ ድምፁን መልሶ ወደ ውስጥ ይወረውረዋል። ከቆርቆሮ ሥር የጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ የተወጠረበት የጭቃ ቤት በላይ በኩል ያስተነፍሳል፤ የጉምታው ክፍል በዚያ ይወጣል፣ ኮርኒሱም እየተንቀሳቀሰ ጥቂቱን ይበላዋል። ቆርቆሮው እንዳይንኳኳ ምስማሩን ማጥበቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በጭቃ ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ስቴሪዮ በብሎኬት ቤት ካለው ግዙፍ ዕቃ ይልቅ ጥርት ያለ ቤዝ ስትሰጥ ብትሰሙ አትደነቁ። ብሎኬት ቤት ያለው ሰው ተስፋ ይቁረጥ አልልም፤ ማስተካከሉ ለእሱ የበለጠ ያስፈልገዋል። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግን ለላይኛው ድምፅ እንጂ ለቤዝ አይረዱም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ስፖንጅም ያው ነው።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ዋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። 3,000፣ 5,000፣ 10,000 ዋት ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥሮች ስምምነት ያለው መለኪያ የላቸውም። ዕቃውን ገልብጡና ከኋላው የተለጠፈውን አንብቡ፤ ከሶኬት የሚወስደው 60 ወይም 80 ዋት ነው ይላል። 60 ዋት የበላ ዕቃ ሳያቋርጥ 3,000 ዋት ከየት ያመጣል? ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ጉልበትን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሳጥኑን ከጥግ አውጥቶ ሁለት ክንድ ማንቀሳቀስ ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ እሱም በነጻ ነው። (በነገራችን ላይ እዚያው ጀርባው ላይ ቮልቱንም እዩ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሳውዲ የመጣ የቆየ ዕቃ 110 ወይም 127 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት።)

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሁለቱ ትንንሽ ስፒከሮች ቦታ ይያዙ። ብዙ ቤት አንዱ ሳሎን፣ ሌላው በረንዳ ላይ ወይም መኝታ ቤት ነው፤ ይህ ስቴሪዮን መግደል ነው። ሁለቱም በአንድ ግድግዳ በኩል፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ካለው ርቀት ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጡ። ከዚያ ሽቦው ይታይ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መታሰር አለበት። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ አንደኛው ሲገፋ ሌላኛው ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ባለቤቱም «ቤዝ የለውም» ብሎ ማዞሪያውን ይጨምራል፣ ይባስም ብሎ ሌላ ዉፈር ይገዛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሰው ብቻውን የሚናገርበት የሬዲዮ ዜና ክፈቱ። ድምፁ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቁጭ ካለ ልክ ነው፤ ተበትኖ የት እንዳለ ካልታወቀ የአንዱን ሽቦ ገልብጡት።

ቀጥሎ ዉፈሩ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ መለየት አለበት። አብዛኛው መርሳ ያለው ባለ ሁለት ትንሽ ስፒከርና አንድ ዉፈር የሆነው ርካሹ ዓይነት ነው። በዚህ ዕቃ ትንንሾቹ ከ150 ኸርዝ በታች አቅም ስለሌላቸው ዉፈሩ ወደ ላይ ተዘርግቶ የወንድን ድምፅ ሥር ጭምር ይጫወታል። ስለዚህ ዉፈሩን ርቆ ጥግ ላይ ማስቀመጥ የዘፋኙን ደረት ከአፉ ነጥሎ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቦታው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ መሬት ላይ፣ ከቡፌው ውጭ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ከዚያ በግራና በቀኝ እያንፏቀቁ መሞከር ነው።

የተለየ ሰብዉፈርና አምፕሊፋየር ያለው ሰው ግን ሰፊ ነጻነት አለው። ዉፈሩን አንስቶ ራሱ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ያድርገው፤ ቤዝ ጊታሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ዘፈን ይክፈት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በክፍሉ ዳር ዳር እየዞረ ያዳምጥ። አንድ ቦታ ላይ አንዱ ድምፅ ብቻ ያጓራል፤ ሌላ ቦታ ላይ ቤዙ ጭራሽ የለም፤ አንድ ቦታ ግን ሁሉም ድምፆች እኩል ይሰማሉ። ዉፈሩን እዚያ ያስቀምጥና ወደ ሶፋው ይመለስ። ድምፅ መንገዱ ከዚህ ወደዚያም ከዚያ ወደዚህም አንድ ስለሆነ ይህ ዘዴ አያሳስትም። ጎረቤት አይቶ ቢስቅ ይሳቅ።

ከዚያ የድምፅ መከፋፈያው፣ ክሮስኦቨር የሚሉት፣ 80 ኸርዝ ላይ ይሁን፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች ደካማ ከሆኑ 100 ወይም 120። ፌዝ የምትለዋን ማብሪያ በ0 እና በ180 እየቀያየሩ፣ ሁሉም ስፒከር እየተጫወተ፣ ሶፋው ላይ ቤዙ የበለጠ የሚሞላበት ላይ መተው። የድምፁ ልክ የሚሠራው በመጨረሻ ነው። ኢኳላይዘሩ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ግራና ቀኙ ወደ ላይ፣ መሀሉ ወደ ታች የተጎተተው ያ የተለመደ አቀማመጥ የሚቀንሰው ማሪቱንም ማሲንቆውንም የያዘውን መሀሉን ነው። ዉፈሩን ዘግታችሁ የምታውቁትን ዘፈን ስሙ። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት፤ «አሁን ዉፈሩ ተሰማ» ያላችሁበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ መልሱት። የስልክ ድምፅ መለኪያ ለመሀለኛው ድምፅ ይረዳል፤ የስልክ ማይክ ግን ቤዝን በደንብ ስለማይሰማ በዚህኛው ላይ አትመኑት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አውቃለሁ። ልጃቸው ከጅዳ ስቴሪዮ የላከችላቸው አንድ አባት ዘንድ፣ እዚሁ መርሳ፣ ይህንኑ አድርገን ነበር። «አባባ፣ ይቺን ሳጥን ከጥግ ላውጣት?» አልኳቸው። «አብሽር፣ አውጣት፤ መንገድ ላይ ብቻ እንዳትሆን» አሉኝ። ተስተካክሎ ሲከፈት መጀመሪያ ያሉት «ጉልበቱ የት ገባ?» ነው። ሁሉም ሰው ይህን ይላል፤ ጆሮ ለለመደው ጉምታ ቦታ ይዞለታልና። አንድ ሳምንት ይቆይ ብለን ተለያየን። ሳምንቱ ሳያልቅ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ማዞሪያውን ወደ ጫፉ ሲመልሰው «ተው፣ የምትለው አይሰማኝም» ብለው ያስቀነሱት ራሳቸው ናቸው። ይህ ማስረጃ ነው ብዬ አላቀርበውም። ግን ሳምንት ሳይሰጡ የሚፈርዱትን የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው።

ተቃዋሚዎቼ ያላቸውን ጠንካራ ክርክር ላንሳ። አንደኛው የወጣቱ ነው። «አንተ የማሲንቆ ሰው ነህ፤ የዛሬ ሙዚቃ የተሠራው በቤዝ ነው፤ ለጭፈራ ነው» ይላል። የዛሬው ሙዚቃ ቤዝ እንዳለው እቀበላለሁ፤ ባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር 41 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ በኮምፒዩተር የሚሠራው ምት ከዚያም በታች። ለዚህ ሰብዉፈር ያስፈልጋል፤ ይጣል አላልኩም። ነገር ግን ይህን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ከእኔ ይልቅ ማስተካከል ያስፈልገዋል። አቀናባሪው ለዘፈኑ የሠራው የቤዝ ዜማ አለው፤ የሚወጣና የሚወርድ፣ አንዱ አጭር ሌላው ረጅም የሆነ። ጥግ የተወሸቀ ዉፈር ይህን ሁሉ ወደ አንድ ጉምታ ይጨፈልቀዋል። በእስክስታ ትከሻ የሚመታው ምቱ ሲቆም ጭምር ነው፤ ምቱ የማይቆምበት ቤት ውስጥ ትከሻው ምኑን ይዞ ይውረድ? ከተስተካከለ በኋላ ትንሽ ቤዝ መጨመር የፈለገ ይጨምር። 3 ወይም 4 ዴሲቤል የጣዕም ጉዳይ ነው፤ በጣዕም አልከራከርም። የእኔ ክርክር ጣዕም ከመምጣቱ በፊት ስላለው ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከሳይንስ ይመጣል፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ ቤዙን መስማት እንደሚያቆም በመለኪያ አሳይተዋል። ስለዚህ ሌሊት ልጆች ተኝተው በዝግታ ስትሰሙ ቤዙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ትክክል ነው፤ ላውድነስ የምትባለው ቁልፍ የተሠራችውም ለዚሁ ነው። ግን የእኛ ቤት ልማድ ተቃራኒው ነው። ድምፁም እስከ ጫፍ፣ ቤዙም እስከ ጫፍ፣ ላውድነስም በርቶ። ፍሌቸርና መንሰን ለዚህ ምስክር አይሆኑም። ድምፅ ሲጨምር የቤዝ ድጋፉ መቀነስ እንዳለበት የሚያሳየው ያው የእነሱ ጥናት ነው።

ሦስተኛው «የድሮ ዘፈን ቤዝ የለውም፤ እኛ ነን የምንጨምርለት» የሚለው ነው። ይህኛው በጣም ያናድደኛል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ ከዚያም በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን፣ ጥልቅ ቤዝ የመያዝ አቅማቸው የተወሰነ ነበር። ሙዚቀኞቹና ባለሙያዎቹ ያንን አውቀው ነው ቤዝ ጊታሩንና ከበሮውን በልኩ ያስቀመጡት። ከ50 ኸርዝ በታች በእነዚያ ቅጂዎች ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ የሸክላው መሽከርከርና የካሴቱ ጉርምርምታ ሳይበዛበት አይቀርም። ማዞሪያውን ስትጨምሩ የምትጨምሩት ያንን ጉርምርምታና የሳጥኑን የራሱን ጩኸት ነው። ሙዚቀኛው ያልተጫወተውን መስማት ማክበር አይደለም።

ደግሞም ጆሮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ቤዝ ቃሉን ሲሸፍነው ቃሉን ለማግኘት ድምፅ የሚጨምር ሰው ይህን ድንበር ሳያውቀው ያልፋል፤ የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ደግሞ ላይኛውን ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቤዝ ብቻ ይሆንበታል። ጎረቤትም አለ። ላይኛው ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ቤዝ ግን ያልፋል። በአንድ ግቢ ተደርድረው በተሠሩት የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ከሦስተኛው በር ያለች አራስ፣ ከሱብሒ በፊት የሚነሳ ሰው፣ ማትሪክ የሚያጠና ልጅ የሚደርሳቸው ዘፈኑ ሳይሆን ጉምታው ብቻ ነው። ሰርግና ዓመት በዓል ሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ጎረቤቱ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ገንዘብም አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዕቃው የሄደበት ቤት በዚህ አካባቢ ብዙ ነው። እንደገና የገዛው ሰው ገንዘቡን ያገኘው ከእርሻው፣ ከማንጎውና ከብርቱካኑ፣ ወይም አረብ አገር ካለች እህቱ ነው። ያ ሰው ድምፁ አልጥም ሲለው «ተለቅ ያለውን ውሰድ» የሚባለው ምክር ሊነገረው አይገባም። ለመርሳና ለወልድያ ባለ ሱቆች አንድ ጥያቄ አለኝ። ገዢ ሲመጣ ዉፈሩን ከመደርደሪያው አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ዉፈሩን ዘግታችሁ አንድ የማሲንቆ ዘፈን አሰሙት፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች ድምፁንና ቃሉን በትክክል ካላወጡ ዕቃው አይረባም፤ ምንም ያህል ዉፈር አያድነውም። ከዚያ ዉፈሩን ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ሲሸጥለት ደግሞ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አሳዩት፤ «ቡፌው ውስጥ እንዳትከተው» ብላችሁ ስደዱት።